ሸምበቆ የሚል ፊርማ

«ፋኖስ» የሚባለው ሳምንታዊ መጽሔት ከደብሊን ተነስቶ እኛ አጥቢያ፣ ኪልቦረን፣ የሚደርሰው ቅዳሜ ከሰዓት በፖስታ ጋሪ ነበር። የሚመጣው አንድ ቅጂ ብቻ ነው። ሁሉም ሰው ያነበው ነበር ብል ውሸት ይሆናል፤ ሁሉም ሰው ግን ይሰማው ነበር። በታይግ ቀጥቃጭ ቤት ወናፉ ይቆማል፣ ወንዶቹ በየተገኘው ነገር ላይ ይቀመጣሉ፣ እኛ ሴቶቹ የምንሠራውን ሹራብ ይዘን ከደጁ ባለው የድንጋይ አጥር ላይ እንደረደራለን። ከዚያ የትምህርት ቤታችን መምህር ማላኪ ኮንደን መነጽራቸውን አድርገው ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው ያነቡልናል።

እውነቱን ልናገር ካልኩ፣ ሰው የሚጠብቀው የመጨረሻውን ገጽ ነበር። ስለ ፓርላማ የተጻፈው ሲነበብ ግማሹ ያንቀላፋል፤ ተከታታዩ ልብ ወለድ ሲነበብ ሴቶቹ ያለቅሳሉ፤ የመጨረሻው ገጽ ላይ ሲደረስ ግን ውሻው ራሱ ጆሮውን ያቆም ነበር። እዚያ ላይ አዘጋጁ ግጥምና ጽሑፍ ለላኩለት ሰዎች መልስ ይሰጣል። ለእያንዳንዱ ለብቻው ደብዳቤ ከመጻፍ በሕዝብ ፊት ይመልስላቸዋል። ደግሞ ምላሱ ምላጭ ነው። «ለደጉ ዘላን፦ አራተኛው ስንኝህ አንካሳ ነው፤ ሦስቱ የአልጋ ቁራኛ ናቸው» ይላል። «ለተሰበረው ልብ፦ የሰበረችህን ሴት አመስግንልን፤ ግጥምህን አንብባው መሆን አለበት» ይላል። ታይግ መዶሻውን ጥሎ በሳቅ ይንከባለላል። የላኪዎቹ ስም ሁሉ የብዕር ስም ስለሆነ የሚሳቅበት ሰው ማን እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁላችንም በነፃነት እንስቅ ነበር።

እኔ ግን ከሚሳቅባቸው አንዷን አውቃት ነበር። የባለቤቴ የፊንታን ታላቅ እህት ሳቢና ሃኔጋን ናት፤ ከእኔ ጋር አንድ ቤት ነው የምትኖረው። አላገባችም። አባቷን አቶ ኮርማክን ታስታምማለች፣ ላሞቹን ታልባለች፣ ቅቤ ትንጣለች፣ አመሻሹ ላይ ደግሞ በወጥ ቤቱ መስኮት ሥር ተቀምጣ ትጽፋለች። አባቷ የልብስ ማጠቢያ ሒሳብ የምትይዝ ይመስላቸው ነበር፤ ማጠቢያም ሒሳብም አልነበረንም፣ ግን ጠይቀው አያውቁም። የጻፈችውን ክሎንሜል ገበያ እንቁላል ልሸጥ ስወርድ እኔ ነኝ ፖስታ ቤት የማስገባላት። ፊርማዋ «ሸምበቆ» ይላል።

የመጀመሪያው መልስ የመጣ ቀን አጥሩ ላይ አጠገቤ ተቀምጣ ነበር። መምህር ኮንደን ጉሮሯቸውን ጠረጉና አነበቡ፦ «ለሸምበቆ፦ ግጥምዎ ደርሶናል፤ አሬራ አሬራ ይላል። ወደ መናጫዎ ይመለሱ፤ እዚያ ሲንጡ ቢውሉ ቢያንስ ቅቤ ይወጣልዎታል።»

ቀጥቃጭ ቤቱ ሊፈርስ ምንም አልቀረው። ከሁሉ አብልጠው የሳቁት አቶ ኮርማክ ናቸው። ጉልበታቸውን እየመቱ፣ እንባቸው እየወረደ፣ «ድገመው፣ መምህር! ስለ እናትህ ድገመው!» ይላሉ። መምህሩ ደገሙት። ሳቢና አንድ ጥልፍ አላዛነፈችም። ጆሮዋ ብቻ ቀላ።

ነገሩ በዚያ ቢያበቃ ጥሩ ነበር። እኛ አገር ግን ጥሩ ፌዝ ከተገኘ እስኪያልቅ ይታኘካል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ኪልቦረን ውስጥ ሰው የማይረባ ነገር ከተናገረ «ወደ መናጫህ ተመለስ!» ይባላል። ቄሱ ስብከት ሲያስረዝሙ ከኋላ ወንበር ይኸው ይንሾካሾካል። አቶ ኮርማክ ለላሟ ሳይቀር ይሏት ነበር፤ ሳቢና እያለበቻት።

«ንገሪያቸዋ!» አልኳት አንድ ቀን ቆሽቴ አርሮ። «እኔ ነኝ በያቸው፣ ያፍራሉ!»

«ማን ነው የሚያፍረው፣ ዊኒ? አባባ?» አለችኝ። «አባባ ሲያፍሩ አይተሽ ታውቂያለሽ?»

አላየሁም።

መጻፏን ግን አልተወችም። ሰው ፊት የምትሸማቀቀው ሴት ወረቀት ፊት እንዴት እንደዚያ ግትር እንደምትሆን እስከ ዛሬ አይገባኝም። ደጋግማ ላከች። መልሱም ቀስ በቀስ ለዘበ። «ለሸምበቆ፦ ከባለፈው ይሻላል፤ ሆኖም አበባ ይቀንሱ» አለ። ሌላ ጊዜ ደግሞ «ለሸምበቆ፦ ጨረቃን ለሌሎች ይተዉላቸውና ያዩትን ይጻፉ» አለ። እሱን የሰማች ዕለት ወደ ቤት ስንመለስ መንገድ ላይ ቆማ «ያየሁትን» አለች፤ ለእኔ አልነበረም የምትናገረው።

ያየችው ነገር ይኸ ነው። የመምህር ኮንደን እህት ናኖ፣ ባሏና ልጆቿ በሙሉ የእርሻ ቦታቸውን ለባለርስቱ አስረክበው በመርከብ ሄደው ነበር። ቤታቸው ከእኛ ማሳ ጀርባ ባዶውን ቆመ። ናኖ የሄደች ጠዋት የምድጃዋን ፍም በአካፋ አንስታ ለሳቢና ሰጠቻት፤ አንድ ቤት ሲዘጋ እሳቱ ለጎረቤት ይሰጣል፣ ልማዳችን ነው። ሳቢና ፍሙን ተቀብላ እኛ ምድጃ ውስጥ ጨመረችው። ነገር ግን በዚያ አልረካችም፤ ወደ ማታ ሲሆን ከእኛ ምድጃ ፍም ይዛ ወደ ባዶው ቤት ትሄድና እዚያ እሳት ታነዳለች። ጭሱ ከሩቅ ይታይ ነበር። አጥቢያው ሁሉ መምህሩ በእህታቸው ናፍቆት የሚያነዱት እሳት ነው ብሎ አመነ። ማንም አልጠየቃቸውም፤ በሰው ሐዘን አይገባም ብለው ነው። እኔም ብሆን ሳቢናን ተከትያት ባልሄድ ኖሮ አላውቅም ነበር።

ግጥሙ የወጣው በመጸው ወራት ነው፤ በ«ፋኖስ» የመጀመሪያ ገጽ ላይ፣ በትልልቅ ፊደል። መምህር ኮንደን ማንበብ ጀመሩ፦

«ጎረቤቴ ሄደ ባሕሩን ተሻግሮ፣
እሳቱ ምን አርጎ ይሙት ከሱ አብሮ፤
ልለኩስለት እንጂ አመሻሽ ላይ ሄጄ፣
ባዶ ቤት እንዳይሉት ማገዶ ማግጄ።»

እዚህ ሲደርሱ ድምፃቸው ተሰበረ። እኚያ ደረቅ ሰው፣ ሕፃን ተምሮ ሲያልፍ እንኳ ፈገግ የማይሉት፣ መነጽራቸውን አውልቀው ፊታቸውን በመጽሔቱ ሸፈኑ። ቀሪውን የታይግ ልጅ ዴሊያ ተቀብላ አነበበችው። ስትጨርስ ከወንዶቹ አንድም ሰው አልሳለም። እኔ ሳቢናን አየኋት፤ ሹራቧን አስቀምጣለች። እጇ ባዶ ሆኖ ያየሁት ያን ቀን ነው።

በመጨረሻው ገጽ ላይ ደግሞ መልስ ነበረ፦ «ለሸምበቆ፦ ስለ መናጫው የተናገርኩትን ተናግሬ ነበር፤ አሁን መልሼ ዋጥኩት። እውነተኛ ስምዎንና አድራሻዎን ይላኩልን፤ አገር ሊያውቅዎት ይገባል።»

አቶ ኮርማክ ናቸው መጀመሪያ የተነሱት። ባርኔጣቸውን አውልቀው ወደ መምህሩ ሄዱና እጃቸውን ጨበጡ።

«አንተ ሰውዬ» አሏቸው፣ «ስንቱን ዓመት መናጫ መናጫ ስንልህ ዝም ብለህ አነበብክልን! በገዛ አፍህ!»

«እኔ አይደለሁም» አሉ መምህሩ።

«አይደለህም፣ አይደለህም!» አለ ታይግ እየሳቀ። «ጭሱንም አላየንም!»

«ታይግ፣ በእግዚአብሔር ስም እላለሁ፣ እኔ አልጻፍኩትም። እሳቱንም እኔ አላነደድኩትም።»

«ምን ይበል ታዲያ? መምህር ነው፤ እንጀራው በመንግሥት እጅ ነው» አለ ታይግ ወደ እኛ ዞሮ። ሁሉም ራሱን ነቀነቀ።

ይኸ የእኛ ሰው ጠባይ ነው፤ የማያውቀን ይስቅብናል። «ፋኖስ» ላይ የሚጽፍ ሰው ማንነቱን አይናገርም። ገሚሱ ባለርስቱን ይፈራል፣ ገሚሱ ፖሊስን፣ ገሚሱ ሚስቱን። ተጠርጥሮ ሲጠየቅ «እኔ አይደለሁም» ማለት የክብር ነገር ነው፤ የጠየቀውም ዐይኑን ጠቅሶ ማለፍ አለበት። ስለዚህ መምህር ኮንደን በካዱ ቁጥር ሰው ይበልጥ አመነ። ያልጻፈ ሰው እውነቱን የሚናገርበት ቃል አልነበረውም። ሰውየው ቢምሉ ትሕትና ሆነ፣ ቢቆጡ ጥንቃቄ ሆነ። ለገና ዝይ የሚያመጣላቸው በዛ፤ ከረግረጉ የተቆረጠ ማገዶ ሰው ሳያያቸው ደጃቸው ላይ ተቆልሎ ያድር ጀመር።

በዚያው ሳምንት ቤታችን መጡ። አቶ ኮርማክ ገበያ ነበሩ። መምህሩ ባርኔጣቸውን ይዘው ከወጥ ቤቱ በር ላይ ቆሙ፤ ግቡ ብንላቸው እምቢ አሉ።

«ሚስ ሃኔጋን» አሉ፣ «እሳት ይዘው ሲሄዱ አንድ ቀን ከኮረብታው ላይ አይቼዎታለሁ። አመሰግናለሁ ለማለት ቃል አጥቼ ነው የቆየሁት።»

ሳቢና ዱቄት የነካው እጇን በሽርጧ ጠረገች፤ ጠርጋም አልጨረሰችም።

«ግጥሙም የእርስዎ ነው» አሉ። «ሌላ ማን ሊሆን ይችላል? እኔ ነግሬያቸዋለሁ፤ አያምኑኝም። እርስዎ ይናገሩ። ቅዳሜ ቀጥቃጭ ቤቱ ውስጥ አጠገብዎ ቆሜ እመሰክራለሁ። እኔና እርስዎ አንድ ላይ ካልን ምን ሊሉ ነው?»

ልቤ ዘለለ። በቃ፣ ሆነ አልኩ። ሳቢና ግን መሬት መሬት እያየች፦

«መምህር፣ ትንሽ ይቆዩልኝ» አለች።

«ለምን?»

«አንድ ነው የወጣልኝ። አንዱን ደግሞ አጋጣሚ ነው ይላሉ። ሌላ ጥሩ ልጻፍና፣ ሁለት ሲሆን… ያኔ አይስቁም።»

«ማን ነው የሚስቀው? ሲያለቅሱ አላየሻቸውም እንዴ!» ብዬ ጮህኩባት።

«አባባ ይስቃሉ» አለች። «ኮርማክ ሃኔጋን የመናጫዋ አባት ሊባሉ ነው። ትንሽ ይቆዩ መምህር። እስከዚያ ስሙን ይያዙልኝ።»

መምህሩ ባርኔጣቸውን በእጃቸው አዟዟሩ። «የሰው ልብስ ለብሶ መንገድ መሄድ ያስጨንቃል» አሉ በመጨረሻ። «ግን እርስዎ ካሉ እይዝልዎታለሁ።» ባርኔጣቸውን አድርገው ሄዱ። በጨዋነታቸው እስከ ዛሬ እናደዳለሁ። ትንሽ ባለጌ ቢሆኑ፣ እጇን ይዘው ጎትተው ቢወስዷት ኖሮ!

ሳቢና ያን ክረምት ሁለተኛውን ግጥም ስትጽፍ፣ ስትሰርዝ ከረመች። ጥሩ ነው እላታለሁ፤ ገና ነው ትለኛለች። አንድ ነገር ፈርታለች፤ አንዲት ሳቅ። ያችን ሳቅ በመፍራት ስንት ነገር ቀረባት። በየካቲት መምህር ኮንደን ሳንባቸውን ታመሙ። ከትምህርት ቤቱ ብርድ ነው፤ እሳት የሚነደው ልጆቹ ማገዶ ካመጡ ብቻ ነበር። ሳቢና ሾርባ ይዛ ልትጠይቃቸው ስትሄድ ክፍሉ በሰው ተሞልቷል። መምህሩ ቄሱን፣ ታይግንና አቶ ኮርማክን አጠገባቸው አስጠርተው ነበር።

«ስሙኝ» አሉ፣ ትንፋሻቸው እየተቆራረጠ። «ሸምበቆ እኔ አይደለሁም። ነፍሴን ይዤ ልዋሽ አልችልም። እኔ አይደለሁም።»

ይኸኔ ዐይናቸው ሰውን አቋርጦ በሩ ላይ ወደቆመችው ሳቢና ሄደ። ጠበቋት። ሾርባውን እንደያዘች ቆማለች፤ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። እኔ ከኋላዋ ነበርኩ፤ ጀርባዋን ገፋሁት። ገፋሁት ማለቴ በእጄ ነው። አቶ ኮርማክ ግን ቀደሟት፤ ተንበርክከው እያለቀሱ፦

«እስከ መጨረሻው! ጌታ ሆይ፣ እስከ መጨረሻው ትሑት!» አሉ።

ክፍሉ ሁሉ አለቀሰ። በዚያ ልቅሶ መሐል ማን «እኔ ነኝ» ይላል? ሳቢና ሾርባውን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣ ወጣች። መምህሩ በማግሥቱ አረፉ።

ቀብራቸው ላይ ከሦስት አጥቢያ ሰው መጣ። «ፋኖስ» በጥቁር መስመር ከቦ «ሸምበቆ ተሰበረ» ብሎ ጻፈ፤ ለመቃብሩ የድንጋይ መስቀል እንዲቆም አንባቢዎቹን ጠየቀ፤ አንባቢዎቹም ሰጡ። ሳቢና ያን ጊዜ ነው ነቅታ ለመጀመሪያ ጊዜ ስሟን የጻፈችው። ሁለተኛውን ግጥም አያይዛ፣ ነገሩ እንዴት እንደሆነ ከእሳቱ ጀምራ ለአዘጋጁ አስረዳች። ደብዳቤውን ጮክ ብላ አነበበችልኝ፤ ድምፅዋ አልተንቀጠቀጠም። ክሎንሜል ይዤው ስወርድ ጋሪው ላይ ዘፈንኩ።

ከሁለት ሳምንት በኋላ አጥሩ ላይ ተቀምጠን ዴሊያ አነበበች፤ ከመምህሩ ሞት ወዲህ አንባቢዋ እሷ ነበረች።

«ከደቡብ ቲፐራሪ ለጻፉልን ሴት፦ የሟች መቃብር ሣር ሳያበቅል ኮቱን ለመውሰድ መምጣትዎ አስገርሞናል። የላኩልን ግጥም የእሱን አካሄድ በደንብ ያስመስላል፤ ሆኖም የተቆረጠ ሸምበቆ አይናገርም። ስምዎን ያላተምነው ለእርስዎ ሳይሆን ለዘመዶችዎ አዝነን ነው።»

ጆሮዬ ጮኸ። ቀጥቃጭ ቤቱ ውስጥ ጉምጉምታ ተነሳ።

«ከደቡብ ቲፐራሪ? ከእኛው ወገን?» አለ ታይግ። «የማን ጋለሞታ ናት?»

«ሌባ!» አሉ አቶ ኮርማክ። ምራቃቸውን ተፉ። «ሙት የምትዘርፍ ሌባ! አባት የላትም እንዴ? እኔ አባቷ ብሆን እጇን ነበር የምቆርጠው።»

ብድግ አልኩ። ልናገር አፌን ስከፍት ሳቢና ቀሚሴን ጨምድዳ ይዛ ቁልቁል ጎተተችኝ። ደም የራቀው ፊቷን አዙራ «ለፊንታን ስትይ» አለችኝ። ለባሌ፣ ለቤቴ፣ ለልጆቼ ስል ማለቷ ነው፤ አባቷ ከቤት እንደሚያስወጡን ታውቃለች። ተቀመጥኩ። ዴሊያም ወደሚቀጥለው መልስ አለፈች፤ ሰዎቹም ሳቁ።

ከዚያ ወዲያ ሳቢና ለማንም አልላከችም። መጻፉን ግን አልተወችም። ጨርሳ ታጥፍና ከአልጋዋ ሥር ባለው የእንጨት ሳጥን ውስጥ ትከተዋለች። አቶ ኮርማክ ሞቱ። «ፋኖስ»ም ገንዘብ አጥሮት ተዘጋ፤ ያ ምላሰኛ አዘጋጅም አረጀ። የሳቢና ዐይን በሞራ እየተጋረደ መጣ። እኔም አያት ሆንኩ። የድንጋይ መስቀሉ ላይ ሻጋታ በቀለ፤ ሳቢና በየዓመቱ የሙታን ቀን ሄዳ ታጸዳዋለች። አንድም ቀን በመምህሩ ላይ ክፉ ቃል ተናግራ አታውቅም።

አንድ በጋ ሚስተር ኦገስቲን ዳርሲ የሚባሉ ሰው ከደብሊን መጡ። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሻይ ሲጠጡ ማንኪያቸው የማይሰማ ሰው ናቸው። የድሮ መጽሔቶችን ከየቤተ መጻሕፍቱ እያሰባሰቡ፣ በብዕር ስም የተደበቁትን ጸሐፊዎች ስም እየፈለጉ መጽሐፍ ያዘጋጃሉ።

«አየርላንድ በዚያ ዘመን የጻፈችው ግማሹ በእነዚያ ሳምንታዊ ወረቀቶች ላይ ነው ያለው» አሉን። «ወረቀቱ ደግሞ እየፈረሰ ነው፤ ያስታወሱት ሰዎችም እየሞቱ ነው። አሁን ስማቸውን ካላስመለስንላቸው ለዘላለም ጠፉ ማለት ነው። ስለ መምህር ኮንደን ነው የመጣሁት።»

ደሜ ፈላ። ሳቢና ምድጃው አጠገብ ተቀምጣለች፤ ጉልበቷን ነካ አደረግኋት። አባቷ የሉም፣ የሚያስወጣን የለም፤ የሚስቅ ሰው እንኳ አልቀረም። እሷ ግን እጄን ከጉልበቷ ላይ አነሳችው። እኔ ጀመርኩ፦

«ጌታዬ፣ ሸምበቆ ሌላ ሰው ቢሆንስ?»

ሚስተር ዳርሲ በደግነት ፈገግ አሉ። «እሜቴ፣ በየሄድኩበት አጥቢያ ይህን የሚለኝ ሰው አላጣሁም። ሁሉም 'የእኔ አጎት ነው የጻፈው' ይለኛል። የኮንደን ግን ተጠርጥሮም አያውቅም፤ የሞት አልጋው አጠገብ የነበሩ ሰዎች መስክረዋል። እንዲያውም አንዲት ሴት ልትሰርቀው ሞክራ አዘጋጁ በመልስ ገጹ ላይ እንዴት እንዳዋረዳት አንብቤያለሁ። በመቅድሜ ላይ አስገብቼዋለሁ፤ አስቂኝ ነው።»

ምድጃው ውስጥ እሳቱ ተንጣጣ። ሳቢና ፊቷን ወደ ድምፃቸው አዞረች።

«በመጽሐፍዎ የመምህሩ ስንት ግጥም ይወጣል?» አለች።

«የሚያሳዝነው እሱ ነው፣ ሚስ ሃኔጋን። የሚረባው አንድ ብቻ ነው። ለአንድ ግጥም አንድ ገጽ ብሰጠው ነው። ሌሎች ቢኖሩ ኖሮ ግን… ለብቻው መጽሐፍ ይገባው ነበር። እርስዎ ያውቋቸው ነበር?»

«አውቃቸው ነበር» አለች። «ደግ ሰው ነበሩ። አነባበባቸው ደስ ይለኝ ነበር።» ፊቷን ወደ እኔ አዞረች። «ሌሎች አሉ። ዊኒ፣ ሳጥኑን አምጪላቸው።»

«አንቺ!» አልኳት።

«አምጪላቸው እላለሁ።»

«ሳቢና፣ በእናትሽ አፅም—»

«ተሟግተሽልኝ የትም አታደርሺኝም፣ ዊኒ። አምጪ።»

ሄጄ አመጣሁት። ሚስተር ዳርሲ ክዳኑን ከፍተው አንዱን አነበቡ፣ ሌላውን አነበቡ። ከወንበራቸው ተነሱ። ወረቀቱን ወደ መስኮቱ ይዘው ሄዱና ጀርባቸውን ሰጥተውን ለረጅም ጊዜ ቆሙ።

«ጽሕፈቱ ግን የሴት እጅ ነው» አሉ ሲዞሩ።

«እጃቸውን ቁርጥማት ይዞባቸው ነበር» አለች ሳቢና። «እሳቸው ሲሉ እኔ እጽፍላቸው ነበር።»

እንዲህ ቀጥ አድርጋ ስትዋሽ ሰምቻት አላውቅም። እንግዳው ከሄዱ በኋላ ያልኳትን ሁሉ እዚህ አልጽፈውም፤ ግማሹን ንስሐ ገብቼበታለሁ። እሷ ግን እስክጨርስ ጠብቃ፦

«በእኔ ስም ከሆነ እሳት ውስጥ ነው የሚገቡት» አለች። «ሌባዋ ሴት የጻፈችውን ማን ያትማል? በሳቸው ስም ሰው ያነባቸዋል። ስሙን ያዙልኝ አልኳቸው፣ ያዙልኝ። አሁን ደግሞ እኔ ልስጣቸው።»

«አንቺስ?»

«እኔማ ዘገየሁ» አለች። ሌላ ቃል አልጨመረችም፤ ፊቷን በሽርጧ ሸፍና አለቀሰች። ይህን ሁሉ ዓመት ስታለቅስ ያየኋት ያን ጊዜ ብቻ ነው።

መጽሐፉ ታትሞ መጣ፤ አረንጓዴ ሽፋን፣ የወርቅ ፊደል፣ «የማላኪ ኮንደን ግጥሞች»። የደብሊን ጋዜጦች አወደሱት። አንዱ ሃያሲ ባዶ አልጋዋን ስለምታነጥፍ ሴት የሚናገረውን ግጥም ጠቅሶ «ይህ ወንድ የሴትን ልብ እንዲህ ማወቁ ይደንቃል» ብሎ ጻፈ። ጋዜጣውን ምድጃ ውስጥ ከተትኩት። የልጅ ልጆቼ ትምህርት ቤት ውስጥ በቃላቸው ያጠኑታል፤ ቤት መጥተው አክስታቸው ፊት «የመምህር ኮንደን ግጥም» ብለው ይወጡታል፤ እሷም ጥሩ ነው ብላ ታጨበጭባለች።

መጽሐፉ የመጣ ቀን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አነበብኩላት፤ እሷ እንግዲህ ብርሃንና ጥላ ብቻ ነው የምታየው። ግጥሞቹ ካለቁ በኋላ መጽሐፉን ልከድን ስል «ሌላ የተጻፈ የለም?» አለችኝ። ነበረ። በመጨረሻው ገጽ ግርጌ፣ በደቃቅ ፊደል፦ «የሟቹን ጽሑፎች ከጥፋት ጠብቀው ላቆዩት፣ ለኪልቦረኗ ሚስ ሳቢና ሃኔጋን ምስጋናችን ይድረሳቸው» ይላል።

«ድገሚው» አለች።

ደገምኩት።

«የት ጋ ነው? ጣቴን አስቀምጪልኝ።»

ጣቷን ይዤ ስሟ ላይ አስቀመጥኩላት። ሻዩ እስኪቀዘቅዝ ድረስ ጠበቅኩ፤ ጣቷን አላነሳችም።